የጡት ካንሰር ምርመራ፦ ሴቶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች ሁሉ ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው፤ በዓመት ወደ 16 ሺህ የሚሆኑ ሴቶች እንደሚያዙ ይገመታል። አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከ50 በታች ነው፤ አብዛኞቹም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ደረጃ 3 ወይም 4 ከደረሰ በኋላ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ የሚያተኩሩት አንድ ነገር ላይ ነው፦ እብጠቱ ከታወቀበት ቀን አንስቶ የፓቶሎጂ (ከእብጠቱ የተወሰደው ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ምርመራ) ውጤት በእጅ እስኪገባ ያለውን ጊዜ ማሳጠር።

ጡቴ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር አገኘሁ፤ ግን ምንም አያመኝም። ልጠብቅ?

አይጠብቁ። ብዙ እህቶቻችንን ያዘናጋቸው ይኸው "አያመኝም" የሚለው ቃል ነው። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ሴትየዋ ልጅ ታዝላለች፣ ገበያ ትወጣለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፤ ሽንብራ ያክል የነበረው ሎሚ አክሎ ቆዳውን ሲያቆስል ያኔ ትደነግጣለች። በወር አበባ ሰሞን ሁለቱንም ጡት የሚያሳምመው ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ስለዚህ ሕመምን መለኪያ አያድርጉት።

ገና የወር አበባ የሚያዩ ከሆነና እብጠቱ የመጣው ወር አበባዎ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከሆነ፣ አልፎ አንድ ሳምንት እስኪሆነው መታገስ ይቻላል። ያኔም ካልጠፋ መታየት አለበት። ካረጡ፣ ወይም እብጠቱ ጠንካራና ሲገፉት የማይንሸራተት ከሆነ ይህችም ትዕግሥት አታስፈልግም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጀመረው የጡት ካንሰር ዘመቻ፣ ሴቲቱ ጤና ተቋም ከሄደችበት ቀን አንስቶ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራው ሁሉ እንዲጠናቀቅ ግብ አስቀምጧል። ይህን ቁጥር ይያዙት፤ ቀጠሮ በተሰጠዎት ቁጥር ይቁጠሩበት።

እብጠት ሁሉ ካንሰር ነው?

አይደለም። ከ10 እብጠት 8 ያህሉ ካንሰር አይደለም። በወጣቶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ፋይብሮአዴኖማ ይሆናል፦ ክብ፣ ለስላሳ፣ በጣት ሲነኩት ከሥር ሸርተት የሚል። ከ35 ዓመት በኋላ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይበዛል። ነገር ግን "ለስላሳ ነው፣ ይንቀሳቀሳል" ብለው ቤትዎ ተቀምጠው ሊፈርዱ አይችሉም። ልምድ ያለው ሐኪም እንኳ በእጁ ብቻ ዳስሶ ይሳሳታል።

ከእብጠት ሌላ ምን ምልክት አለ?

ቀድሞ ወደ ውጭ የነበረ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፤ ከአንድ ጡት ብቻ ሳይጨመቅ በራሱ የሚወጣ ደም ወይም ውሃ የመሰለ ፈሳሽ፤ የቆዳ መሰርጎድ፤ በብብት ወይም ከአንገት አጥንት በላይ የሚዳሰስ እብጠት፤ የአንዱ ጡት ድንገት መተለቅ ወይም መኮማተር።

ሁለት ምልክቶች ግን ብዙ ጊዜ ይታለፋሉ። አንደኛው የጡት ጫፍ ላይ የሚወጣ፣ ጭርት የሚመስል፣ የሚላጥና የሚያሳክክ ቁስል ነው። ሴቶች ለወራት ቅባት ይቀቡታል። በሁለት ሳምንት ቅባት ካልዳነ ናሙና ሊወሰድለት ይገባል። ሁለተኛው የጡት ቆዳ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ቀዳዳዎቹ ሰፍተው የብርቱካን ልጣጭ ሲመስል ነው። ይህ በሳምንታት ውስጥ የሚገሰግስ የካንሰር ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ እብጠት ላይዳሰስም ይችላል።

እያጠባሁ ነው። እብጠቱ የወተት መቋጠር አይደለም?

ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ነው። ወተት የቋጠረ ጡት ሕፃኑ በደንብ ሲጠባ ወይም ሲታለብ ይቀላል። ትኩሳት ካለውና ከቀላ ሐኪም አንቲባዮቲክ ያዛል፤ በጥቂት ቀን መሻሻል ይጀምራል። አንዱን ዙር መድኃኒት ጨርሰው እብጠቱ ካልጠፋ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር አንቲባዮቲክ እየቀያየሩ መዋጥ ትልቅ ስህተት ነው። አልትራሳውንድ፣ እንደ አስፈላጊነቱም ናሙና ይጠይቁ። እርግዝናም ሆነ ማጥባት ሁለቱንም አይከለክልም።

"ቅድመ ምርመራ" እና "ቶሎ ማወቅ" አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ልዩነታቸውን ማወቅ ይጠቅማል። ቅድመ ምርመራ ምንም ምልክት የሌላትን ጤነኛ ሴት በየተወሰነ ጊዜ መመርመር ነው፤ ዋና መሣሪያው ማሞግራም (የጡት ራጅ) ነው። ቶሎ ማወቅ ግን ምልክት ያየችው ሴት ሳትጉላላ ውጤት ላይ እንድትደርስ ማድረግ ነው። የማሞግራም መሣሪያ፣ ፎቶውን የሚያነብ ራዲዮሎጂስትና የፓቶሎጂ ባለሙያ በበቂ ባልተሟሉበት አገር ሁሉንም ሴት በማሞግራም ማዳረስ አይቻልም። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት እንደ እኛ ላሉ አገሮች ቶሎ ማወቅንና በሠለጠነ እጅ የሚደረግ የጡት ምርመራን የሚያስቀድመው።

በሕንድ ሙምባይ ከ150 ሺህ በላይ ሴቶች ላይ 20 ዓመት የፈጀ ጥናት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። የሠለጠኑ ሴት የጤና ሠራተኞች በየ2 ዓመቱ በእጃቸው ሲመረምሩ ካንሰሩ በዝቅተኛ ደረጃ ላይ ሳለ ተገኘ፤ ዕድሜያቸው 50ና ከዚያ በላይ በሆኑት ዘንድ ደግሞ የሚሞቱት ቁጥር በ30 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከ50 በታች በሆኑት ላይ በሞት መጠን ለውጥ አልታየም። መሣሪያ ስለሌለ ምንም ማድረግ አይቻልም ለሚሉ ይህ በቂ መልስ ነው።

በየወሩ ራሴን መዳሰስ አለብኝ?

በቻይናዋ ሻንግሃይ በተደረገ ትልቅ ጥናት፣ ራስን በየወሩ በሥርዓት መዳሰስ ብቻውን ሞትን አልቀነሰም፤ ካንሰር ላልሆኑ እብጠቶች የሚወሰደውን ናሙና ግን አበዛ። ስለዚህ በየወሩ ካልዳሰስኩ ብለው አይጨነቁ። የጡትዎን መደበኛ ሁኔታ ማወቅ ግን ያስፈልጋል፤ የተለወጠውን የሚለዩት የቀድሞውን ሲያውቁ ነው።

የሚመቸው ጊዜ የወር አበባ ከጀመረ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ጡት ያኔ ይለሰልሳል። ያረጡ ሴቶች አንድ ቀን መርጠው ያንኑ ይጠብቁ። በመጀመሪያ መስታወት ፊት እጅን ዝቅ አድርጎ፣ ከዚያ ሽቅብ አንስቶ፣ ከዚያም ወገብን ተጭኖ ማየት ነው። የሚሰረጎድ ቆዳ ካለ ወገብ ሲጫኑ ጎልቶ ይወጣል። ቀጥሎ በጀርባዎ ይተኙ፤ ከሚዳሰሰው ጡት በኩል ካለው ትከሻ ሥር የታጠፈ ነጠላ ወይም ፎጣ ያድርጉና ያንኑ እጅ ከራስዎ በታች ያኑሩ። በሌላው እጅ በሦስቱ መካከለኛ ጣቶች ሆድ (በጫፋቸው አይደለም) ሳንቲም የምታክል ክብ እየሠሩ ይዳስሱ፤ በአንዱ ቦታ ላይ መጀመሪያ ለስለስ፣ ቀጥሎ መካከለኛ፣ በመጨረሻ የጎድን አጥንት እስኪሰማ ጠበቅ አድርገው። ከብብት ጀምረው ወደ ታችና ወደ ላይ እየተመላለሱ እስከ ደረት መካከል ይድረሱ፤ ከላይ የአንገት አጥንትን፣ ከታች የጡት መያዣ መስመርን አይለፉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ጡትን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጠው ሲፈትሹ ነው። እንዲህ ሲያዝ ጤነኛው ሥጋም እብጠት መስሎ ይያዛል፤ ሴትየዋም በከንቱ ትሸበራለች።

ጤና ጣቢያ ስሄድ ባለሙያው እንዴት ነው መመርመር ያለበት?

ልብስ ላይ ነካ ነካ አድርጎ "ምንም የለም" ማለት ምርመራ አይደለም። ሁለቱም ጡቶች ተገልጠው፣ ቁጭ ብለውና ተኝተው፣ ብብትና ከአንገት አጥንት በላይ ያለው ሁሉ መታየት አለበት፤ በጥንቃቄ ሲደረግ ለአንድ ጡት 3 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የተገኘው እብጠት በየትኛው በኩል እንደሆነ፣ በሴንቲሜትር ስንት እንደሚሆን ካርድዎ ላይ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ በሚቀጥለው ጊዜ ማደጉንና አለማደጉን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ሴት ባለሙያ እንድታይዎት መጠየቅ ነውር የለውም፤ ይጠይቁ።

ማሞግራም መቼ ያስፈልገኛል?

ምልክት ከሌለዎት፣ ዕድሜዎ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነና አገልግሎቱ በአቅራቢያዎ ካለ፣ ከሐኪም ጋር ተማክረው በየ2 ዓመቱ መነሣት ጥሩ ነው፤ በጥናት ጥቅሙ ይበልጥ ጎልቶ የታየው ከ50 እስከ 69 ባለው ዕድሜ ነው። ከ30 ዓመት በታች የሆነች ሴት እብጠት ካላት የሚቀድመው አልትራሳውንድ ነው፤ የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሞግራም ላይ ጡቱም ዕጢውም ነጭ ሆነው ይታያሉ።

በቀጠሮው ቀን ብብትዎና ጡትዎ ላይ ዲዮድራንት፣ ፓውደር ወይም ቅባት አያድርጉ። በዲዮድራንት ውስጥ ያለው አልሙኒየም ፎቶው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ሆኖ ስለሚወጣ ካንሰር የሚሠራውን የካልሲየም ነጠብጣብ ሊመስል ይችላል። ከላይና ከታች የተለያየ ልብስ ይልበሱ፤ ቀሚስ ከሆነ ሙሉውን ማውለቅ ግድ ነው። እያንዳንዱ ጡት ሁለት ጊዜ ይነሣል፤ በሁለት ሳህን መካከል የሚጨመቀው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ያማል፣ ግን ቶሎ ያልፋል። የቀድሞ ፎቶ ካለዎት ይዘው ይሂዱ፤ አንባቢው ከአንዱ ፎቶ ይልቅ ከሁለቱ ንጽጽር ብዙ ያያል።

ውጤቱ ወረቀት ላይ "ባይራድስ" የሚል ቃልና ቁጥር አለ። 1 እና 2 ከሆነ አሳሳቢ ነገር አልታየም ማለት ነው። 3 ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ2 በመቶ የማይበልጥ ስለሆነ በ6 ወር ይደገማል። 4 ወይም 5 ከሆነ ናሙና መወሰድ አለበት። 0 ማለት ግን "ምንም የለም" ማለት አይደለም፤ ፎቶው አልበቃም፣ ተጨማሪ ያስፈልጋል ማለት ነው። ዜሮውን እንደ ምሥራች ቆጥረው ወረቀቱን ቁም ሣጥን ውስጥ የሚከቱ ሴቶች ስላሉ ነው ይህን አጥብቀን የምንናገረው።

"መርፌ ከነካው ይሰራጫል" ይሉኛል። እውነት ነው?

እውነት አይደለም። ወሬው የመጣው ዘግይተው ከሚሄዱት ነው፦ በሽታው አስቀድሞ ሰውነት ውስጥ ተሰራጭቶ ስለነበር ከናሙናው በኋላ ሲብስባቸው ጥፋቱ ወደ መርፌው ዞረ። ያለ ናሙና ካንሰር መሆኑ አይረጋገጥም፤ ኬሞም ሊጀመር አይገባም።

ናሙና የሚወሰድበት መንገድ ሁለት ነው። በቀጭን መርፌ ሴሎችን መሳብ ርካሽና ፈጣን ነው፤ በየከተማው የሚሠራውም ይኸው ነው። ግን ካንሰሩ ከነበረበት የወተት ቱቦ ወጥቶ ዙሪያውን መውረሩን አይለይም፤ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራም (ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ መሆኑን የሚያሳየው) በእሱ ላይ መሥራት ያስቸግራል። ወፈር ባለው መርፌ የሚወሰደው ናሙና ግን እርሳስ ውስጥ እንዳለው ቀጭን ዘንግ ያለ ሥጋ ያወጣል። ቦታው ይደነዝዛል፣ መሣሪያው ስቴፕለር የመሰለ ድምፅ ያሰማል፣ ብዙ ጊዜ 3 እና ከዚያ በላይ ቁራጭ ይወሰዳል፣ ከዚያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተጭኖ ደሙን ማቆም ነው። ከቻሉ ይህን ይምረጡ።

አንድ ከባድ ስህተት አለ፦ ሳይመረመር እብጠቱን በቀዶ ሕክምና አውጥቶ መጣል። ከሰውነትዎ የወጣ ማንኛውም የጡት ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ መሄድ አለበት።

ናሙናውን ላቦራቶሪ አድርሺ ብለው ሰጡኝ። ምን ልጠንቀቅ?

ይህ በአገራችን በየቀኑ የሚደረግ ነገር ሆኖ ሳለ ማንም አያስረዳም። ሥጋው የሚቀመጥበት ፈሳሽ ፎርማሊን መሆኑን ይጠይቁ፤ ሴላይን (የጨው ውሃ) ወይም አልኮል መሆን የለበትም። የፎርማሊኑ መጠን ከሥጋው 10 እጥፍ መሆን አለበት። ዕቃው ሰፊ አፍ ያለው ይሁን፤ በጠባብ ጠርሙስ ተጠቅጥቆ የገባ ሥጋ በፎርማሊን ከደረቀ በኋላ አልወጣ ብሎ ይበጣጠሳል። ፎርማሊን ሥጋ ውስጥ የሚዘልቀው በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ትልቅ ዕጢ ወይም ሙሉ ጡት ከሆነ ቀዶ ጥገና ክፍሉ ሰንጥቆ ሊያስገባው ይገባል፤ አለበለዚያ ከላይ ደህና መስሎ መካከሉ ይበሰብሳል።

ናሙናው ከ6 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ተዘጋጅቶ ወደ ሥራ መግባት አለበት። ስለዚህ "ሰኞ አደርሰዋለሁ" ብለው ቤት አያሳድሩት። ጉዳት የደረሰበት ናሙና የሆርሞን ተቀባይ ያለውን ካንሰር "የለውም" አሰኝቶ ሊያስነብብ ይችላል። ያ ማለት ታሞክሲፌን የተባለውን፣ በቀን 20 ሚሊ ግራም ቢያንስ ለ5 ዓመት የሚዋጠውንና ከመድኃኒቶቹ ሁሉ ርካሽ ከሆኑት አንዱን ክኒን ሴቲቱ ሳታገኝ ትቀራለች ማለት ነው። በዕቃው ላይ ስም፣ ቀን፣ ሰዓትና የትኛው ጡት እንደሆነ መጻፉን አይተው ይረከቡ።

እናቴ በጡት ካንሰር ነው የሞተችው። እኔስ?

ዕድልዎ ከሌላው ከፍ ይላል፤ የማይቀር ዕጣ ግን አይደለም። በዘር ጉድለት የሚመጣው ከጠቅላላው ከ5 እስከ 10 በመቶው ብቻ ነው። እናት ወይም እህት በወጣትነቷ ተይዛ ከሆነ ምርመራውን እሷ ከተያዘችበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ መጀመር ይመከራል፤ እሷ በ45 ከሆነ እርስዎ በ35። "በቤተሰባችን የለም" ብሎ መዝናናት ደግሞ አይሠራም፤ ከታመሙት አብዛኞቹ በዘመድ የታመመ የላቸውም።

ስልክና ብር ጡት መያዣ ውስጥ መክተት፣ ልጅ መርገጡ፣ ምች ያመጡታል?

አያመጡትም። ልጅ ሲረግጥዎት ያመመዎትን ቦታ ሲያሹ ቀድሞ የነበረውን እብጠት አገኙት እንጂ ርግጫው አልፈጠረውም። መጠጥ፣ ካረጡ በኋላ ከመጠን በላይ መወፈር፣ ሳይወልዱና ሳያጠቡ መቆየት ግን ዕድሉን ይጨምራሉ።

ጠበል እየተጠመቅሁ ነው። ሕክምናው ይቆይ?

አይቆይም። ጸሎቱና ጠበሉ ሐኪሙን አይከለክሉም፤ በብዙ ቦታ አባቶችም ሁለቱን አብራችሁ ያዙ ይላሉ። የሚጎዳው ለወራት ጠበል ቦታ ሰንብቶ ከቀጠሮ መቅረት ነው። ናሙናው ተወስዶ ውጤቱ እስኪመጣ መጠመቅ ይችላሉ። ኬሞ ከጀመሩ ግን ከተወሰደ በኋላ ከ7 እስከ 14 ባለው ቀን የሰውነት መከላከያ ስለሚወርድ ከሕዝብ መጨናነቅና ከብርድ ይጠበቁ፤ ትኩሳቱ 38 ከደረሰ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ስለ ጾሙ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ።

ጡቴ መቆረጡ አይቀርም?

ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠት ይበቃል፤ በሕይወት የመቆየት ዕድሉም ሙሉ ጡት ከማንሣት አያንስም። ችግሩ ጨረሩ ነው። ለረጅም ዘመን አገሪቱ የነበራት የጨረር ሕክምና ማዕከል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያለው ብቻ ነበር፤ ወረፋውም ረጅም ነው። ስለዚህ ሐኪምዎ ሙሉውን ማንሣት ይሻላል ካለዎት ምክንያቱ በሽታው ነው ወይስ የጨረሩ ወረፋ ብለው ይጠይቁ። ባልዎ ወይም እህትዎ አብረው ቢገቡ መልካም ነው፤ አንዲት የደነገጠች ሴት ከሐኪሙ ንግግር የምታስታውሰው ጥቂቱን ነው።

ከክፍለ ሀገር ነው የምመጣው። ከየት ልጀምር?

ከጤና ጣቢያዎ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ መድኑ ወጪውን ሙሉ በሙሉ ላይሸፍንልዎ ይችላል፤ ስለዚህ መታወቂያውን አሳድሰው፣ ሪፈሩ ላይ ማኅተም መኖሩን አይተው ይነሡ። አልትራሳውንዱን፣ የፓቶሎጂውን ወረቀትና የማሞግራም ፎቶውን በስልክዎ ካሜራ ያንሡት፤ ወረቀት በአውቶቡስ ይጠፋል። የፓቶሎጂ ቁጥሩን ለብቻው ይጻፉት፦ ብሎኩ (ናሙናው በሰም ተቀብሮ የሚቀመጥበት) ላቦራቶሪው ዘንድ ስለሚቆይ በዚያ ቁጥር ተፈልጎ ተጨማሪ ምርመራ ይሠራበታል፣ እንደገና መወጋት አያስፈልግም። አዲስ አበባ ማረፊያ ለሌላቸው የካንሰር ሕሙማን ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ መጠለያ ይሰጣል።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። እዚያስ?

አሜሪካ ያላችሁ ከ40 እስከ 74 ዓመት በየ2 ዓመቱ ማሞግራም ይመከራል። ኢንሹራንስ የሌላችሁና ገቢያችሁ ዝቅተኛ የሆነ፣ የአገሪቱ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ለጡትና ለማህፀን በር ካንሰር በየስቴቱ የሚደግፈውን ፕሮግራም ጠይቁ። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። እንግሊዝ ውስጥ ከ50 ዓመት ጀምሮ በየ3 ዓመቱ የጥሪ ደብዳቤ በፖስታ ይመጣል፤ ቤት ቀይራችሁ አድራሻችሁን ለሐኪማችሁ ካላሳወቃችሁ ደብዳቤው አሮጌው ቤት ይቀራል። በዐረብ አገር ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች እብጠት ካያችሁ ኮንትራቴ እስኪያልቅ አትበሉ። ያሠራችሁትን ምርመራ ሁሉ ቅጂ ይዛችሁ ግቡ፤ አገር ቤት ከዜሮ አትጀምሩም።

ወንድ ይይዘዋል?

ይይዘዋል፤ ከ100 የጡት ካንሰር ታማሚ ወንዱ አንድ ገደማ ነው። ምልክቱም ምርመራውም አንድ ነው።

ውጤቴ "ነፃ" ነው ተባልኩ፤ እብጠቱ ግን አሁንም አለ።

ትክክለኛው ምርመራ ሦስት ነገር ነው፦ በእጅ መዳሰስ፣ ፎቶ እና ናሙና። ሦስቱ ከተስማሙ ማረፍ ይቻላል። አንዱ ከሌላው ከተጣላ፣ ለምሳሌ በእጅ ሲዳሰስ ጠንካራና የማይንቀሳቀስ ሆኖ የመርፌው ውጤት "ካንሰር አልታየም" ካለ፣ መርፌው ዕጢውን ስቶ ጎኑን ወግቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ በአልትራሳውንድ እየታየ ናሙናው እንዲደገም ይጠይቁ። ማሞግራም ነፃ ቢልም የሚዳሰስ እብጠት ካለ ምርመራው አልተጠናቀቀም። "ሦስቱ ይስማማሉ ወይ?" ብለው ሐኪሙን በዚህ ቃል ይጠይቁት።